ታይፈስ ፍለጋ ወጥተው ያገኙት ባክቴሪያ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሚዛን አማን ወይም ቴፒ አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ አስቀድሞ የሚመረመረው ለወባ ነው። አገሩ ሞቃትና ዝናባም ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። የወባው ውጤት «የለም» ሲል ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ደም ይቀዳል፤ በወረቀቱም ላይ በየቤቱ የሚታወቁ ሁለት ስሞች ይመለሳሉ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። በላቦራቶሪ ሙያ ለመሥራት ለምትዘጋጁ፣ ወይም የሕይወት ሳይንስ ጀምራችሁ ወዴት እንደምታዘነብሉ ገና ላልወሰናችሁ፣ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ሁለተኛውን ስም ነው። ከዚያ ስም ጀርባ ከእንስሳትና ከነፍሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ ባክቴሪያዎችን ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ረጅም ታሪክ አለ፤ ከታሪኩም አንዱ ዋና ክፍል የተሠራው ከኢትዮጵያ ከብቶች ላይ በተለቀሙ መዥገሮች ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የምርምር ጽሑፎቹን ፈልጋችሁ ስታነቡ እንዳትቸገሩ።

ከወረቀቱ እንጀምር። ታይፈስ አለ የሚለው ምርመራ ቫይል-ፌሊክስ ይባላል። ኤድመንድ ቫይልና አርተር ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916፣ ያሳወቁት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከበሽተኛው ደም ሴረሙ፣ ማለትም የደም ሕዋሶቹ ተለይተው ከወጡ በኋላ የሚቀረው ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ይወሰድና ፕሮቲየስ ከሚባል የተገደለ ባክቴሪያ ጋር ይቀላቀላል። ድብልቁ ከተቋጠረ ውጤቱ «አለ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፕሮቲየስ ታይፈስን አያመጣም። ታዲያ ለምን እሱን ይጠቀማሉ? ሰውነታችን በባክቴሪያ ሲጠቃ አንቲቦዲ የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ይሠራል። አንቲቦዲ የሚያውቀው ባክቴሪያውን በሙሉ ሳይሆን በቆዳው ላይ ያለችን አንዲት ቅርጽ ነው። በአጋጣሚ አንዳንድ የፕሮቲየስ ዓይነቶች ታይፈስን በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ ያለችውን የምትመስል ቅርጽ አላቸው። አንቲቦዲው የአጎት ልጆችን መልክ እያምታታ እንደሚጠራ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ማን ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ስለዚህ ያ ወረቀት በእርግጥ የሚለው «ታይፈስ አለ» ሳይሆን፣ ቢበዛ «ከዚህ ቤተሰብ አንዱ ጎብኝቶት ሊሆን ይችላል» ነው። አንዳንዴም ከቤተሰቡ ማንም ሳይኖር ይቋጠራል፤ በሽታው ኖሮም ሳይቋጠር ይቀራል።

የቤተሰቡ ስም ሪኬትሲያ ነው። ሪኬትሲያዎች በጣም ትናንሽ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ በጥቅሉ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ የታይፈስ ቡድን ነው። በዚህ ውስጥ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈውና ወረርሽኝ የሚያስነሣው ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ አለ፤ በአይጥ ቁንጫ የሚመጣው ሌላው ዓይነትም አለ። ሁለተኛው የነጠብጣባማ ትኩሳት ቡድን ይባላል፤ አብዛኞቹ አባላቱ የሚኖሩትና የሚተላለፉት በመዥገር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቅማል ከሰው ወደ ሰው ትሄዳለች፤ መዥገር ግን ከከብት፣ ከውሻና ከዱር እንስሳ ጋር ነው ኑሮዋ። አንዱን በሽታ የሚከላከል ልብስ ማፍላት ሌላውን አይነካውም።

ሪኬትሲያን ከአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚለየው ዋና ጠባይ ከሕያው ሕዋስ ውጭ መራባት አለመቻሉ ነው። የታይፎይድን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በተዘጋጀ ምግብ ማሳደግ ትችላላችሁ፤ በማግሥቱ በዓይን የሚታይ ክምችት ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ሪኬትሲያ ግን ሳህኑ ላይ ቢደረግ ይሞታል። ለማሳደግ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳ፣ ወይም ጫጩት የያዘ እንቁላል፣ ወይም በብልቃጥ ውስጥ የሚያድጉ ሕዋሶች ያስፈልጋሉ። የእንቁላል አስኳል ከረጢት ለሪኬትሲያ ምቹ መሆኑን ሄራልድ ኮክስ የተባሉ አሜሪካዊ በ1938 ካሳዩ በኋላ ሥራው ቀለል አለ፤ አደጋው ግን አልቀረም። ቤተሰቡ የተሰየመላቸው ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ ታይፈስን ሲያጠኑ በዚያው በሽታ ሞቱ። ሌላው ተመራማሪ ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ በ1915 በተመሳሳይ መንገድ አረፉ። በ1916 ባክቴሪያውን የለዩት ብራዚላዊው ሮቻ ሊማ ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ ብለው የሁለቱንም መታሰቢያ በአንድ ስም አኖሩ።

ታይፈስን የምታስተላልፈው የሰውነት ቅማል መሆኗን ያረጋገጡት ሻርል ኒኮል ናቸው። በ1909 ቱኒስ ውስጥ ሠርተውት በ1928 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ከዚያ በኋላ የተጠናው የቅማሏ ዕጣ ለቀጣዩ ነገር ቁልፍ ነው። የታይፈስ ባክቴሪያ የገባባት ቅማል አንጀቷ ተበጥሶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ራሷ ትሞታለች፤ ለልጆቿም አታወርሰውም። እንግዲህ አስቡት። አስተላላፊዋ እየሞተች ከሆነ ባክቴሪያው በሁለት ወረርሽኞች መካከል የት ይኖራል? እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ሳይጠፋ የሚቆይበትን አካል ማደሪያ እንለዋለን። ለታይፈስ የተሰጠው መልስ ሰው ራሱ ነው የሚል ነበር። ከበሽታው የዳነ ሰው ባክቴሪያውን ተኝቶ በውስጡ ይዞት ይኖርና ከብዙ ዓመት በኋላ ሰውነቱ ሲደክም ያገረሽበታል፤ በዚያን ጊዜ ቅማል ካለበት ወረርሽኙ እንደገና ይነሣል።

ይህ መልስ ተስፋ ይሰጥ ነበር። ማደሪያው ሰው ብቻ፣ አስተላላፊዋም ቅማል ብቻ ከሆነች ቅማልን ያጠፋ ታይፈስን ያጠፋል። በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ በሰው ልብስ ላይ ዲዲቲ ዱቄት በመርጨት ወረርሽኝ ሲገታ ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ነበር። ነገር ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም ወዲህ ታይፈስ ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ደጋው ብርዳም ስለሆነ ልብስ ይደረባል፣ ድህነትና መፈናቀልም ለቅማል ይመቻታል።

እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ ወደ ታሪኩ የምትገባው። በ1955 በአዲስ አበባ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ራይስ-ጉትፍሮይንድ ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪን ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው አገኘሁ የሚል ጽሑፍ አወጡ። ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ታይፈስ በከብትና በመዥገር የሚኖር ከሆነ የሰውን ልብስ ሁሉ ብናፈላ፣ ቅማልን ከምድር ብናጠፋ እንኳ በሽታው ከበረት ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳዩን በቁም ነገር ያዘው፤ የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎችም የኢትዮጵያን መዥገር መመርመር ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ግኝት ሲነገራችሁ ወዲያው ማመንም ወዲያው ማጣጣልም የለባችሁም። መጀመሪያ «ሌላ በምን መንገድ እንዲህ ሊታይ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህኛው ቢያንስ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛውን አይተነዋል፤ በዚያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ የሚለዩት በአብዛኛው በአንቲቦዲ ስለነበር የአጎት ልጅ በወንድም ስም ሊመዘገብ ይችላል። ሁለተኛው የላቦራቶሪ መበካከል ነው። ሪኬትሲያ የሚያድገው በእንስሳት ውስጥ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ በሚያዝበት ክፍል አንዱ ወደ ሌላው ጊኒ ፒግ ሊሻገር ይችላል፤ ይህ በየትም አገር በታወቁ ላቦራቶሪዎች የደረሰ ነው። ሦስተኛው በጣም የምወደው ነው፤ ምክንያቱም ስለ መዥገር ማሰብን ያስተምራል። መዥገር ሆዷ የሞላው በከብት ደም ነው። በሆዷ ውስጥ ባክቴሪያ ብታገኙ መዥገሯ ታማለች ማለት አይደለም፤ የጠጣችው ደም ውስጥ የነበረ ይሆናል፤ ነገ ከነደሙ ተፈጭቶ ይጠፋል። ስለዚህ «ከመዥገር አገኘሁ» ማለት ብቻውን «መዥገር ታስተላልፋለች» ማለት አይደለም።

ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ በመመለስ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ሰው አሉ፤ ዊሊ ቡርግዶርፈር። በ1925 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ተወለዱ። የዶክትሬት ሥራቸው በምሥራቅ አፍሪካ ግርሻ ትኩሳትን ስለሚያመጣው ቦሬሊያ ስለተባለ የተጠማዘዘ ባክቴሪያና በቤት ወለል ስንጥቅ ውስጥ ስለምትኖረው አስተላላፊ መዥገሩ ነበር። መዥገሯን በአጉሊ መነጽር ሥር እየከፈቱ ባክቴሪያው በስንተኛው ቀን ከአንጀት ወጥቶ ወደ ምራቅ ዕጢ እንደሚደርስ ተከታተሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሞንታና በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ገቡ፤ እዚያው ሃሚልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረው በ2014 አረፉ። በዕድሜያቸው ሁሉ የሠሩት ከሞላ ጎደል አንድ ሥራ ነው፤ በአስተላላፊዎቹ አካል ውስጥ ባክቴሪያ የት እንደሚቀመጥ ማየት።

ከሥራዎቻቸው በ1970 ያሳተሙት አንድ ዘዴ ሊብራራ ይገባዋል፤ ርካሽ ነው፣ ብልህ ነው፣ ከመብራትና ከአጉሊ መነጽር በላይ ብዙም አይጠይቅም። መዥገር በደም ሥር የሚዘዋወር ደም የላትም። ብልቶቿ ሁሉ ሄሞሊምፍ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ፤ ፈሳሹም እስከ እግሮቿ ጫፍ ይደርሳል። የአንድ እግሯን ጫፍ በመቀስ ብትቆርጡ ጥርት ያለች ጠብታ ትወጣለች። ያቺን ጠብታ በመስታወት ላይ አድርቃችሁ ሂሜኔዝ በሚባለው ቀለም ብታቀልሟት ሪኬትሲያ ካለ በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ብልህነቱ የት ላይ ነው? ከብቱ የሰጠው ደም ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ጠብታዋ የመጣችው ግን ከአንጀት ውጭ ነው። ባክቴሪያው በጠብታዋ ከታየ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ የመዥገሯን የራሷን አካል ይዟል፤ ሊተላለፍም የሚችልበት መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛም መዥገሯ አትሞትም። ስምንት እግር ካላት አንዱን ብትቀንሱባት ትኖራለች፤ ስለዚህ ከብዙ መቶ መዥገሮች መካከል ባክቴሪያ ያለባቸውን ለይታችሁ፣ ለጊኒ ፒግና ለእንቁላል የሚበቁትን ብቻ ታስቀራላችሁ። ጉድለትም አለው። የታየው ሪኬትሲያ መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ ቀለሙ አይናገርም፤ ባክቴሪያው ገና አንጀቱ ውስጥ ብቻ ካለም ጠብታዋ ባዶ ትሆናለች።

የኢትዮጵያን ጥያቄ ለመመለስ የተነሡት ቡርግዶርፈር ብቻቸውን አልነበሩም። በ1966 ኮርኔሊየስ ፊሊፕና በካይሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት የመዥገር ሊቅ ሃሪ ሁግስትራል፣ ከራይስ-ጉትፍሮይንድ ጋር ሆነው፣ በኢትዮጵያ ከብቶች መዥገር ውስጥ የሪኬትሲያ ምልክት መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። ጥያቄውን ያስነሡት ሰው በማጣራቱ ሥራ መግባታቸውን አስተውሉ፤ ሳይንስ እንዲህ ሲሠራ ደስ ይላል። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ በጽሑፎቹ «ሹሉ» ተብሎ ከተመዘገበ አካባቢ፣ ከአንዲት አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ከተባለች መዥገር አንድ ሪኬትሲያ ተለየ። መለያው ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 ተባለ። በ1973 ቡርግዶርፈር፣ ሪቻርድ ኦርምስቢና ሁግስትራል ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የፍለጋውን ውጤት አሳተሙ። የታይፈስ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው ከነጠብጣባማ ትኩሳት ቡድን የሆነ ሪኬትሲያ ነበር።

የፈለጉትን ባያገኙም ፍለጋው ከንቱ አልነበረም። አንደኛ፣ የከብት በረት የታይፈስ ምንጭ ነው የሚለው ሥጋት ረገበ። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ራሱ ትክክል እንደነበር ብዙም ሳይቆይ ታየ፤ በ1975 አሜሪካ ውስጥ ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚንሳፈፉ ሽኮኮ መሰል እንስሳት ተለየ፤ ከሰው ውጭ ማደሪያ አለው ማለት ነው፣ ከብት ግን አልሆነም። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ያ ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 የተባለው ስም አልባ ባክቴሪያ ማን ነበር?

መልሱ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ፤ የመጣውም ከደቡብ አፍሪካና ከዚምባብዌ በኩል ነው። በ1930ዎቹ አድሪያኑስ ፓይፐር የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ፣ በገጠር ከብት መካከል የሚይዘው የመዥገር ትኩሳት በከተማ ከውሻ መዥገር ከሚመጣው ይለያል ብለው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የእንስሳት ሐኪም ፓትሪክ ኬሊና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያውን ከመዥገርም ከታመመ ሰውም ለዩት። በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ተሰጠው፤ በሽታውም የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ነው። የኢትዮጵያው ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 የዚሁ ዝርያ አባል ነበር። ባክቴሪያው ሰውን እንደሚያሳምም ከመታወቁ ብዙ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መዥገር ተለይቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በ2009 ደግሞ ፒየር-ኤድዋር ፉርኒዬና ባልደረቦቻቸው በማርሴይ ሙሉ የዘር መጽሐፉን አነበቡ፤ ያነበቡትም የኢትዮጵያውን ኢ.ኤስ.ኤፍ-5ን ነው። ወደ 1.28 ሚሊዮን የሚጠጉ የዘር ፊደላት አሉት። የታይፈሱ ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ ያለው 1.11 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰው የሚጠብቀው አደገኛው ባክቴሪያ ብዙ መሣሪያ ይኖረዋል ብሎ ነው፤ እዚህ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ታይፈስ ብዙ ዘር የጎደለው ሲሆን፣ ቀለል ያለ በሽታ የሚያመጣው አፍሪኬ ዘሩ በተሻለ ሞልቶ የተገኘ ነው። አንዱ ማብራሪያ ባክቴሪያው በሌላ አካል ውስጥ እየተመቸው ሲሄድ የራሱን መቆጣጠሪያዎች ይጥላል፤ ከጣላቸው መካከልም መራባቱን የሚገቱ ነበሩ የሚል ነው። እስካሁን በዚህ ላይ ክርክሩ ክፍት ነው፤ እኔ ግን አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቡርግዶርፈርን ዓለም የሚያውቃቸው በሌላ ነገር ነው፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1981 ከኒውዮርክ አቅራቢያ የተላኩላቸውን መዥገሮች ለሪኬትሲያ ሲመረምሩ በአንዳንዶቹ አንጀት ውስጥ ረጃጅም የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎች አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ቆሻሻ ነው ብሎ ሊያልፋቸው ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን በወጣትነታቸው ለዶክትሬት የሠሩባቸው የቦሬሊያ ዘመዶች መሆናቸውን ወዲያው ለዩ። በ1982 የታተመው ይህ ግኝት ላይም ለተባለው በሽታ ምክንያቱን አስገኘ፤ ባክቴሪያውም ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ።

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራቡ እንመለስ። በአገራችን ምዕራባዊ እርጥብ ደጋና ወይና ደጋ ከብት ላይ በብዛት የሚገኘው መዥገር አምብሊዮማ ኮሄሬንስ ነው፤ መሠረቱ የጎሽ መዥገር እንደሆነ ይታመናል። ከእሱ ጋር ያቺ ቫሪዬጋተምም አለች፤ ወንዱን ጀርባው ላይ ባለው ብርቱካናማ ጌጥ ታውቁታላችሁ። አምብሊዮማዎች አፋቸው ረጅም ስለሆነ ጠልቀው ይነክሳሉ፤ ከብቱን ያቆስላሉ፤ ቆዳውንም ለፋብሪካ የማይሆን ያደርጉታል። ብዙ ሌሎች መዥገሮች ሣር ጫፍ ላይ ሆነው የሚያልፍን ይጠብቃሉ፤ ቫሪዬጋተምና የቅርብ ዘመዶቿ ግን ትንፋሽ የሚለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከተሉ ወደ እንስሳው ወይም ወደ ሰው ይሄዳሉ። የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ባለበት ሰው ላይ ከአንድ በላይ ንክሻ የሚታየው ለዚህ ነው።

የሕይወት ዑደታቸውም ነገሩን ያብራራል። ከእንቁላል ባለ ስድስት እግር ሕፃን ትወጣለች፤ ከአንድ እንስሳ ደም ጠጥታ መሬት ትወድቅና ቆዳዋን ገፍፋ ባለ ስምንት እግር ትሆናለች፤ ሌላ እንስሳ ላይ ወጥታ ጠጥታ እንደገና ትወድቃለች፤ ካደገች በኋላ ሦስተኛ እንስሳ ትፈልጋለች። ሪኬትሲያ አፍሪኬ ከእድገት ወደ እድገት አብሯት ይሻገራል፤ ከዚያም አልፎ ከእናት ወደ እንቁላል ይወረሳል። ገና ደም ቀምሳ የማታውቅ ሕፃን መዥገር ባክቴሪያውን ይዛ ልትፈለፈል ትችላለች። የታይፈስን ቅማል ከዚህ ጋር አስተያዩ። ቅማሏ በባክቴሪያው ትሞታለች፤ መዥገሯ ግን ታወርሰዋለች። ስለዚህ የዚህ በሽታ ማደሪያ መዥገሯ ራሷ ናት፤ ከብቱ በዋናነት ምግቧና መጓጓዣዋ ነው።

በአገራችን ይህን ሥራ የቀጠሉ አሉ። በርሲሳ ኩምሳ ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር በኦሮሚያ ከብቶች ላይ ከተለቀሙ የአምብሊዮማ መዥገሮች የሪኬትሲያ አፍሪኬን ዘር አግኝተው በ2015 አሳትመዋል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዓለምሰገድ አብዲሳ የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ በ2013 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከከብት መዥገሮች ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የቦሬሊያ ዝርያ ማግኘቱን ገለጸ። ይህ አዲስ ቦሬሊያ ሰውን ያሳምም እንደሆነ መጠየቅ የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብልህ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ታይፈስንም የመዥገር ትኩሳትንም የሚፈውሰው ዶክሲሳይክሊን ከሆነ መለየቱ ለምን ይጠቅማል? መልሱ ሁለት ነው። ታይፈስ ካልታከመ ይገድላል፣ የሰፈር ወረርሽኝም ነው፤ አንድ ሰው ሲገኝ ቤተሰቡ፣ ማደሪያው፣ ልብሱ ሁሉ መታየት አለበት። የመዥገር ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፤ መከላከያው ያለው ከብቱ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መመዝገብ ማለት በማይመለከተው ቦታ ዘመቻ ማድረግ፣ በሚመለከተውም ቦታ ዝም ማለት ነው። ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመዥገር ትኩሳት ከተነከሱ ከሳምንት ገደማ በኋላ በራስ ምታትና በትኩሳት ይጀምራል፤ የተነከሰው ቦታ መሐሉ ጠቁሮ ቅርፊት ይሠራል፤ በአቅራቢያው ንፍፊት ያብጣል። ቅርፊቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እግር ላይ፣ ጉልበት ጀርባ ወይም ብሽሽት ውስጥ ነው፤ በሽተኛው ካላወለቀ አይታይም፤ ካልተጠየቀም አይናገርም። በእኔ ግምት በለቀማ ወቅት ከሌላ አካባቢ ወደ ቤበቃም ሆነ ወደ ሌሎች የቡና እርሻዎች የሚመጣ ሠራተኛ ከነዋሪው ይልቅ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ እስካሁን የሚታወቁት አብዛኞቹ በሽተኞች ለጉብኝት ወደ አፍሪካ የመጡ ባይተዋሮች ናቸውና።

ቆዳ ላይ የተጣበቀን መዥገር በላምባ ወይም በእሳት አታስለቅቁ፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ በጣትም አታፍርጡት።

መጀመር ከፈለጋችሁ ከመዥገር መልቀም ጀምሩ። የሚያስፈልጋችሁ ወረንጦ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ፣ ሰባ በመቶ አልኮል፣ እርሳስና ወረቀት ነው። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። የከብቱን ዓይነትና ፆታ፣ መዥገሩ የተገኘበትን አካል፣ ቀበሌውንና ቀኑን በዚያው ሰዓት ጽፋችሁ ወረቀቱን ከነመዥገሩ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት፤ ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ አትበሉ። ቦታና ቀን የሌለው መዥገር ለምርምር አይሆንም። ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ ዘሩ ተነብቦ «የኢትዮጵያ» ሊባል የቻለው በ1966 አንድ ሰው ቦታውን ስለጻፈው ነው።